መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ እንዳይጠፋ፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ቤት?

መብራት ሲጠፋ ስልኩ አይጠፋም፣ ላፕቶፑም አይጠፋም። የሚጠፋው ጥግ ላይ የተቀመጠው ራውተር ነው፤ እሱ ሲጠፋ ደግሞ ባትሪያቸው የሞላው ስልክና ላፕቶፕ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ፣ ልጁን በኢንተርኔት የሚያስተምር፣ ወይም ማታ ማታ ከዋሽንግተን አለዚያም ከሪያድ የቪዲዮ ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ችግሩን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

«የኅዳሴ ግድብ ተመርቆ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅምም አለው። የሰፈር መብራት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ግድቡ ጋ ሳይሆን ምሰሶው ጋ ነው። ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ የክረምት ነፋስ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይጥላል፣ አንድ ፌዝ ይወርድና ግማሹ መንደር ሲጨልም ግማሹ ይበራል። ስለዚህ የመጠባበቂያ ገበያው ገና ይቆያል።

ለራውተር ተብሎ ወይም ለራውተር ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ብዙ ነው፤ ሚኒ ዩፒኤስ (ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ባለ ባትሪ ሣጥን ነው)፣ ከፓወር ባንክ ጋር የሚሠራ ቮልት ማሳደጊያ ገመድ፣ የኮምፒውተር ዩፒኤስ፣ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ግድግዳው 220 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ) ከነባትሪው፣ ተንቀሳቃሽ የኃይል ጣቢያ፣ ሲም የሚገባበት የኪስ ዋይፋይ። ሁሉም ይሠራሉ። አንዳቸው ከሌላው የሚለዩት በሚሰጡት ሰዓት፣ በዋጋቸውና በሚያመጡት ጣጣ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለአብዛኛው የአፓርታማና የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሚበጀው ሚኒ ዩፒኤስ ነው። መብራት ረጅም ሰዓት ለሚጠፋበትና በጀቱ ለጠበበው ደግሞ ፓወር ባንክና ገመድ ይበልጡታል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የኮምፒውተር ዩፒኤስ ግን ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።

መጀመሪያ መስመሩን አጣሩ

ራውተራችሁን ቀኑን ሙሉ የሚያቆይ ባትሪ ብትገዙም፣ ኢንተርኔቱን እስከ ቤታችሁ የሚያመጣው መስመር አብሮ ከጠፋ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ ወደ ሱቅ የሚሮጡ ብዙ ናቸው።

ፋይበር የገባለት ቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በፋይበር የሚጓዘው ብርሃን ነው፤ ከቴሌኮም ጣቢያው ተነሥቶ መንገድ ላይ ለብዙ ቤቶች የሚከፋፈለውም ኤሌክትሪክ በማይፈልግ የመስታወት ማከፋፈያ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልም፣ ጣቢያው እስከሠራና እናንተ ቤት ያለው ሣጥን ኃይል እስካገኘ ድረስ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። አንድ ጉድለት ሊኖር የሚችለው ፋይበሩ እስከ ሕንፃው ምድር ቤት ብቻ መጥቶ ከዚያ በኋላ ለየቤቱ በኔትወርክ ገመድ ሲከፋፈል ነው። ያኔ ምድር ቤት ያለው ማከፋፈያ ሣጥንም መብራት ይፈልጋል፤ ጉዳዩ የአንድ ቤት ሳይሆን የነዋሪዎች ኮሚቴ ይሆናል።

በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ብዙ ጊዜ መስመሩ የሚነሣው መንገድ ዳር ከቆመ ካቢኔ ነው። ካቢኔው የራሱ ባትሪ አለው፣ ባትሪው ግን ያልቃል፣ ያረጃልም። በሲም ካርድ የሚሠራ የቤት ራውተር ያለው ሰው ደግሞ የሚተማመነው በሞባይል ኔትወርክ ማማው ባትሪና ጄኔሬተር ነው።

ለማጣራት አንዲት ሳንቲም አያስፈልግም። በዚያው መስመር የሚጠቀምና ኢንቨርተር ወይም ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ፈልጋችሁ «መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔታችሁ ይሠራል? እስከ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይሠራም» ካለ ከታች ያለውን አብዛኛውን ነገር ዘልላችሁ ወደ ሞባይል ዳታው ክፍል ሂዱ።

ከራውተሩ ሥር ያለችው ጽሑፍ

ራውተሩን ገልብጡት። በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ አንዱ ቮልቱ፣ ሌላው አምፔሩ ነው። በአብዛኛው 12 ቮልት እና 1 አምፔር ወይም 1.5 አምፔር ነው፤ 9 ቮልት እና 5 ቮልት የሚፈልጉም አሉ። ቮልቱ ከምትገዙት መሣሪያ ቮልት ጋር መግጠም አለበት። አምፔሩ ግን የመሣሪያው ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ራውተሩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል።

ሁለቱን ስታባዙ ዋቱ ይወጣል። 12 ቮልት በ1 አምፔር 12 ዋት ነው። ይህ የከፍታ ጣሪያው ነው፤ በተግባር አንድ ተራ የቤት ራውተር የሚበላው ከ5 እስከ 9 ዋት አካባቢ ነው። ከዚህ በታች ለማስላት 8 ዋት እይዛለሁ።

ከቁጥሮቹ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች፤ መሃሏ ላይ ነጥብ ያላት ክብ፣ በግራና በቀኟ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። የጃኩ፣ ማለትም ራውተሩ ላይ የሚሰካው የገመዱ ጫፍ፣ መሃል ፖዘቲቭ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የምትነግረው እሷ ናት። አብዛኞቹ ራውተሮች መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ ካልሆነና በተቃራኒው ከሰካችሁ ራውተሩን ልታጡት ትችላላችሁ።

የጃኩም መጠን አለ። ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ፣ ውጫቸው 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ዓይነት ጃኮች አሉ፤ የአንዱ ቀዳዳ 2.1 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 2.5 ነው። ሰፊው በጠባቡ መርፌ ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል። ራውተሩ ያለምክንያት እየጠፋ የሚበራባቸው ቤቶች አንዳንዴ በሽታቸው ይኸው ነው፤ አቧራ ሲጠረግ ገመዱ ይነካና ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።

ፋይበር ያላቸው ቤቶች ከመግዛታቸው በፊት ሣጥኖቻቸውን ይቁጠሩ። በአንዳንድ ቤት የፋይበሩ መቀበያና ዋይፋዩ አንድ ሣጥን ናቸው፤ በሌላው ሁለት ናቸው። ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ኃይል ይፈልጋሉ። ለዋይፋዩ ብቻ ባትሪ የገዛ ሰው መብራት ሲጠፋ ስልኩ ላይ ሙሉ የዋይፋይ ምልክት እያየ ምንም ገጽ አይከፈትለትም፤ ከዚያ በኋላ ስህተቱን በመስመሩ ላይ ያሳብባል።

ሚኒ ዩፒኤስ

በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ሣጥን ናት። በአንድ በኩል ኃይል ይገባል፣ በሌላ በኩል 9 ወይም 12 ቮልት፣ ብዙ ጊዜም 5 ቮልት በዩኤስቢ ይወጣል። ውስጧ ከላፕቶፕ ባትሪ የምናውቃቸው ዓይነት ክብ የሊቲየም ሴሎች አሉ። ዋናው ጥቅሟ አትቋረጥም። ሁልጊዜ በራውተሩና በግድግዳው መካከል ስላለች መብራት ሲጠፋ ራውተሩ መጥፋቱን እንኳን አያውቅም። በቪዲዮ ስብሰባ መሃል ላለ ሰው ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ራውተር አንዴ ከጠፋ ተመልሶ ተነሥቶ መስመሩን እስኪይዝ ደቂቃዎች ይፈጃል።

ሰዓቱን እናስላ። በገበያ ላይ የተለመደው መጠን 8,800 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር የሚለካው በሴሉ ቮልት፣ በ3.7 ነው። 8.8 በ3.7 ሲባዛ 32.5 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ዋት ሰዓት ማለት 1 ዋት የሚበላ ዕቃ ለአንድ ሰዓት የሚያሠራ ጉልበት ነው። ቮልቱን ወደ 12 ለማሳደግ የሚባክነውን ስትቀንሱ 27 ዋት ሰዓት አካባቢ ይቀራል። 8 ዋት የሚበላ አንድ ራውተር ከ3 ሰዓት በላይ ይቆያል ማለት ነው። ሁለት ሣጥን ካላችሁና አንድ ላይ 12 ዋት ከበሉ ከ2 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ሻጩ «8 ሰዓት ይሠራል» ካላችሁ ምናልባት 3 ዋት በሚበላ ራውተር ለክቶት ይሆናል።

አንድ የተደበቀ ችግር አላት። አንዳንዶቹ ከራሳቸው አዳፕተር ጋር አይመጡም፤ የራውተሩን አዳፕተር ነቅላችሁ እሷ ላይ እንድትሰኩ ታስባለች። ያ አዳፕተር 1 አምፔር ብቻ ከሆነ ራውተሩን እያሠራ ባትሪውንም መሙላት ያቅተዋል። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታየው፤ መብራት ሲጠፋ ሣጥኗ ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳትቆይ ትዘጋለች፣ ባለቤቷም «የተበላሸ ሸጡልኝ» ይላል። መድኃኒቱ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር መግዛት ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ሌላው ጠላቷ ሙቀት ነው። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ ሞልቶ፣ ሁልጊዜ ሞቆ ሲቀመጥ ያረጃል። ብዙ ሰው ለማስተካከል ብሎ ሣጥኗን ራውተሩ ላይ ይደርባታል፤ ራውተሩ ደግሞ ራሱ ትኩስ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ ከመጋረጃና ከጨርቅም አርቁ። ሣጥኗ ካበጠች ወይም ክዳኗ ከተነሣ ያለ ክርክር ከሥራ ውጪ ናት።

ፓወር ባንክና ማሳደጊያ ገመድ

ትንሹ ግኝት ይህ ነው። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው የራውተር ጃክ ያለው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ያለበት ገመድ። ጉብታው ውስጥ ያለችው ሰሌዳ የፓወር ባንኩን 5 ቮልት ወደ 9 ወይም ወደ 12 ታሳድጋለች። ፓወር ባንክ በቤታችሁ ካለ ወጪያችሁ የገመዱ ብቻ ነው።

በሰዓት ሲለካ ሚኒ ዩፒኤስን ይረታል። 20,000 የተጻፈበት እውነተኛ ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል። በመንገድ ላይ የሚባክነው ይበዛል፤ ከ3.7 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 12 ሁለት ጊዜ ይለወጣልና። ሩቡ ባከነ ብንል እንኳ 55 ዋት ሰዓት ይቀራል፤ ለ8 ዋት ራውተር ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። መብራት ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ የሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በዚያ ላይ መብራት ባለበት ቀን ፓወር ባንኩ ከእናንተ ጋር ጎንደርም ሐዋሳም ይሄዳል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው በእጅ መቀየሩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሄዳችሁ አዳፕተሩን ነቅላችሁ ገመዱን ትሰካላችሁ፣ ራውተሩም እንደገና ይነሣል። «ፓወር ባንኩን ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ ሰክቼ ራውተሩንም ከእሱ ላይ ብተወውስ?» የሚል ይኖራል። አብዛኞቹ ፓወር ባንኮች ለዚህ አልተሠሩም። አንዳንዶቹ እየሞሉ መስጠት አይችሉም፤ ሌሎቹ ይችላሉ፣ ነገር ግን መብራት በሚጠፋባትና በሚመጣባት ቅጽበት ለአፍታ ያቋርጣሉ። ራውተር ደግሞ ለአፍታም ቢሆን ይጠፋል።

ሁለተኛው የፓወር ባንኩ ጉልበት ነው። መውጫው 5 ቮልት 2 አምፔር ከሆነ የሚሰጠው 10 ዋት ነው፤ ገመዱ የራሱን ድርሻ ቆርጦ 8 ወይም 9 ዋት ያደርሳል። ራውተሩ በሚነሣበትና ዋይፋዩን በሚከፍትበት ጊዜ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ መብራቶቹ ይበሩና ይጠፋሉ፣ እንደገና ይበሩና ይጠፋሉ። ይህን ካያችሁ ገመዱ አልተበላሸም፤ 3 አምፔር የሚሰጥ መውጫ ፈልጉ።

አዲሶቹ ፈጣን ቻርጅ የሚያደርጉት ፓወር ባንኮች በታይፕ ሲ መውጫቸው ከፍ ያለ ቮልት ራሳቸው ስለሚሰጡ፣ ማሳደግ ሳያስፈልግ ቮልቱን የሚጠይቅ ሌላ ዓይነት ገመድ አለ። የሚባክነው ስለሚያንስ የተሻለ መንገድ ነው፤ ግን ወጥመድ አለው። በፈጣን ቻርጅ ደንብ ውስጥ 5፣ 9፣ 15 እና 20 ቮልት የተለመዱ ደረጃዎች ሲሆኑ 12 ቮልት በአምራቹ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ፓወር ባንኩ ላይ 12 ቮልት ተብሎ ካልተጻፈ፣ 12 የጠየቀው ገመድ 9 ይዞ ሊመጣ ይችላል። ራውተሩ ወይ አይነሣም ወይ እየተንገዳገደ ይሠራል።

የኮምፒውተር ዩፒኤስ

ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው፣ ሲያነሡት የሚከብደው ጥቁር ሣጥን። በየቢሮው ስለምናየው «መጠባበቂያ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን እሱ ነው። የተሠራበት ዓላማ ግን ሌላ ነው፤ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ድንገት ሳይጠፋ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ እንድትዘጉት ጥቂት ደቂቃ መስጠት።

650 ቪኤ (ቪኤ የዩፒኤስ ጉልበት የሚለካበት ነው) የሚባለው የተለመደው መጠን ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ አለው፤ 84 ዋት ሰዓት። ከሚኒ ዩፒኤሷ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ታዲያ ለምን አይሻልም? መንገዱን ተመልከቱ። ባትሪው 12 ቮልት ነው፤ ዩፒኤሱ ወደ 220 ይለውጠዋል፤ የራውተሩ አዳፕተር 220ውን ተቀብሎ መልሶ 12 ያደርገዋል። ብርን ወደ ዶላር፣ ያንኑ ዶላር መልሶ ወደ ብር እንደመመንዘር ነው፤ በሁለቱም መስኮት ኮሚሽን ይቆረጣል። በዚያ ላይ ዩፒኤሱ ምንም ባይሰካበትም ለራሱ ብቻ 10፣ 15 ዋት ይበላል። ራውተሩ 8 ዋት ሲፈልግ ከባትሪው የሚወጣው 20 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። በወረቀት ላይ 10 ሰዓት ይመስል የነበረው በተግባር 2 ወይም 3 ሰዓት ነው፤ ባትሪው አዲስ ከሆነ።

ባትሪው ደግሞ አዲስ ሆኖ አይቆይም። የአሲድ ባትሪ እስከ መጨረሻው መራገፍን አይወድም፤ ተራግፎ መቀመጥን ደግሞ ጨርሶ አይችልም። በሳምንት ብዙ ጊዜ እስከ ታች የሚወርድ ከሆነ በአጭር ጊዜ ይደክማል። አንዳንዶቹ ዩፒኤሶች የተሰካባቸው ጭነት በጣም ትንሽ ሲሆን «ምንም የለም» ብለው ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ ራውተር ብቻ ሲሰካባቸው የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ጩኸቱን አልረሳሁትም። መብራት በጠፋ ቁጥር በየጥቂት ሰከንዱ የሚጮኸው ድምፅ ሌሊት ሕፃን ባለበት ቤት ምን እንደሚያደርግ መግለጽ አያስፈልግም፤ የሚዘጋበት ቁልፍ ያለው መሆኑን ሳታዩ አትግዙ።

ለፍርዱ ሚዛን ሁለት ነገር ልጨምርለት። ባትሪው በመጠኑ መደበኛ ስለሆነ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይገኛል፤ ሲያልቅ ቀይሮ መቀጠል ይቻላል፤ የሚኒ ዩፒኤስ ሴሎችን ግን ባለሙያ ካልሆነ መቀየር ከባድ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ ዩፒኤሱን ለኮምፒውተሩ መግዛቱ አይቀርም። ያኔ ኮምፒውተሩን ለዩፒኤሱ፣ ራውተሩን ለሚኒዋ ለይቶ መስጠት ነው የሚያዋጣው።

ትልልቆቹ

ኢንቨርተርና ባትሪ የራውተር ጉዳይ አይደለም። መብራት፣ ቴሌቪዥንና ምናልባት ፍሪጅ አብረው እንዲሠሩ የሚፈልግ ቤት የሚገባበት ወጪ ነው፤ ራውተሩ በዚያ ላይ እንደ ምርቃት ይገባል። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ነው ይባላል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን በግማሹ መጠቀም ይመከራል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት አብዛኛውን አቅሙን ቢሰጥም አይጎዳም፣ ሺዎች ጊዜ ሞልቶ ይራገፋል፤ ሲገዛ ይወደዳል፣ በዓመታት ሲከፋፈል ግን ይረክሳል። ፍሪጅ የሚሰካ ሰው ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ ግድግዳው ያለ ለስላሳ የኤሌክትሪክ ሞገድ) የሚሰጥ ኢንቨርተር ይግዛ፤ ርካሹ ዓይነት ሞተር ያለውን ዕቃ ያንገራግረዋል። የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሁን፤ ሞተር ለማስነሣት በአንድ አፍታ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ እንጂ ቀስ እያለ እስከ ታች እንዲራገፍ አልተሠራም። ውሃ የሚጨመርበት የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አይገባም። የኤሌክትሪክ ምጣዱንማ እርሱት፤ ብቻውን 3 ሺህ ዋት እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ተንቀሳቃሽ የኃይል ጣቢያ የሚባለው ደግሞ ኢንቨርተሩም ባትሪውም በአንድ እጀታ ባለው ሣጥን የታሸገ ነው። ለተከራይ ይመቻል፤ ቤት ሲቀይር አንሥቶት ይሄዳል። ራውተር ስትሰኩበት ግን የ220ውን ሶኬት ሳይሆን የ12 ቮልት መውጫውን ተጠቀሙ። ምክንያቱ የኮምፒውተር ዩፒኤሱ ላይ ያየነው ነው፤ በዚህ መንገድ ያው ሣጥን በግልጽ የሚታይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣችኋል።

የሞባይል ዳታው መንገድ

ምንም ሳይገዛ የሚሠራው ይህ ነው፤ የስልኩን ዳታ ለላፕቶፑ ማካፈል። ለአንድ ኢሜይልና ለአጭር ስብሰባ ይበቃል። ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪው ይወርዳል፣ ጥቅሉም ያልቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሞባይል ዳታ ሲሄድ ደግሞ ፍጥነቱ ይደክማል። ሲም የሚገባበት የኪስ ዋይፋይ የራሱ ባትሪ ስላለው ስልኩን ያሳርፋል። ሳፋሪኮም በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁለት ኩባንያ ሲም መያዝ ተችሏልና፣ የቤት መስመራችሁ ከአንዱ ከሆነ የኪሱን ሲም ከሌላው ማድረግ ብልህነት ነው፤ የአንዱ ማማ ሲወድቅ የሌላው ሊቆም ይችላል።

ከውጭ ለሚልክ ዘመድ

«ከዚህ ምን ላምጣልህ?» ብሎ የሚጠይቅ የአሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው የኮምፒውተር ዩፒኤስም ሆነ የኃይል ጣቢያ አያስመጣ። የአሜሪካው ዕቃ የሚቀበለውም የሚሰጠውም 120 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ ቤት 220 በ50 ነው። ሚኒ ዩፒኤስ፣ ፓወር ባንክና ገመድ ግን ይመጣሉ፤ አዳፕተራቸው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ግድግዳችን ላይ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃቸዋል። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ይስማማል፤ ሶኬቱ ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ለእሱም መቀየሪያ ያስፈልጋል።

አውሮፕላኑ የራሱ ሕግ አለው። ፓወር ባንክና ባትሪ ያለበት ሚኒ ዩፒኤስ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገቡም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ መንገደኛ ይዞት አይሳፈርም። 20,000ው ፓወር ባንክ በ74 ያልፋል፤ የዋት ሰዓቱ ቁጥር ላዩ ላይ መጻፉን ግን አረጋግጡ፣ ያልተጻፈበትን ፈታሾች ሊያስቀሩት ይችላሉ።

ሱቅ ስትሄዱ

መርካቶም ሂዱ መገናኛ፣ የራውተሩን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ። የጃኩን ልክ በዓይን ገምቶ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ፤ እዚያው ሰክታችሁ ሳብ አድርጉት፣ ከላላ ሌላ ይቀየር። ከተቻለ ራውተሩንም ያዙ። ሚኒዋን ከግድግዳው፣ ራውተሩን ከሚኒዋ ሰክታችሁ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ጠብቁ፤ ከዚያ ከግድግዳው ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ራውተሩ ላይ ያሉት መብራቶች በሁለቱም ጊዜ ብልጭ እንኳን ማለት የለባቸውም። ሻጩ «ጋሼ፣ ምን አስቸኮለዎት፣ ቤት ወስደው ይሞክሩት» ካለ «እዚሁ እንየው ወንድሜ» በሉት።

ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በሚዛን መፈተሽ ይቻላል። በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ በብዛት የሚገባው ክብ ሴል አንዱ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ደኅናው የሚይዘው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። 8,800 እንዲሞላ ቢያንስ ሦስት፣ በአብዛኛው አራት ሴል ያስፈልገዋል፤ አራቱ ብቻ 180 ግራም ናቸው፣ ሰሌዳውና ሣጥኑ ሳይቆጠር። ስታነሡት ባዶ የሚመስል ዕቃ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አትዩት። በሚሊአምፔር ብቻ ከተጻፈና ዋት ሰዓቱ ከሌለ ሻጩን ጠይቁት፤ ካላወቀ በ3.7 አባዝታችሁ ራሳችሁ አውጡት። ዋስትና ካለው ስንት ወር እንደሆነና ባትሪውን እንደሚጨምር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ «ዋስትናው ለሣጥኑ ነው፣ ለባትሪው አይደለም» የሚል መልስ በኋላ ስለሚመጣ።